«በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» እየተባለ የሚያልፍ ደመወዝ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ደመወዟ 9,000 ብር ነው፤ ተቆራርጦ 6,625 ብር ይደርሳታል። በወር አራት ምሽት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የዕቃ ቆጠራ ትሠራለች። ትርፍ ሰዓቱ ሲከፈላት በሰዓት 46 ብር ከ88 ሳንቲም ነው፤ ሲከፈላት ነው እንግዲህ። የመስከረሙ ጭራሽ አልገባም፣ የኅዳሩ ግማሹ ብቻ ገባ። ጥር ላይ ደግሞ «የካዝና ጉድለት» ተብሎ 3,500 ብር በአንድ ጊዜ ተቆረጠባት። በጠየቀች ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «ይቅርታ፣ ስህተት ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል»። ጥር ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በቴሌግራም «የመስከረምና የኅዳር ኦቨርታይምሽ እንዳልገባ አይተናል፣ እናስተካክላለን» ብላ ጽፋላታለች። አሁን ሚያዝያ ነው፤ የተስተካከለ ነገር የለም። «በየወሩ ፔሮል ላይ ፈርሜያለሁ፤ መብቴ አለቀ ማለት ነው? ልክሰስ ወይስ ሥራውን ልልቀቅ? ብናገር ያባርሩኛል ብዬም እፈራለሁ» ትላለች።

እህቴ፣ በፊርማው ልጀምር። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚተወው «ፈርሜያለሁኮ» ብሎ ነውና። ፊርማሽ የሚለው «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» ብቻ ነው። «ሌላ የሚቀረኝ የለም» አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 60 ላይ ተቀምጧል፦ ሠራተኛው የክፍያ መዝገቡ (ፔሮሉ) ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ የቀረውን እንደተወ አያስቆጥርበትም። ይኸው አንቀጽ አሠሪው ላይም ግዴታ ጥሏል። መዝገቡ ጥቅል ክፍያውን፣ የተሰላበትን መንገድ፣ የተቆረጠውን በዓይነትና በመጠን፣ የተጣራውንም ለይቶ ማሳየት አለበት፤ ስትጠይቂም ሊያሳዩሽና ሊያስረዱሽ ይገባል። «ፔሮል ሚስጥር ነው» ካሉሽ፣ ሚስጥር የሚሆነው የሌላው ሰው መስመር ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ፊርማው ሳይሆን «በሚቀጥለው ወር» የምትለዋ ነገር ናት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ፣ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ቆጠራው ለእያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው። የመስከረም ትርፍ ሰዓት መከፈል የነበረበት መስከረም መጨረሻ ላይ ስለነበር 6 ወሩ መጋቢት መጨረሻ ላይ አልቋል። የኅዳሩ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያልቃል። የጥሩ ተቀናሽ ሐምሌ መጨረሻ። ለፋይናንስ ሰው «በሚቀጥለው ወር» ማለት ምንም አያስከፍለውም፤ አንቺ ግን በየጊዜው አንድ ወር ትከፍያለሽ። «አጠራቅሜ ስወጣ በአንዴ እጠይቃለሁ» የሚሉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ሲወጡ የድሮው ሁሉ በይርጋ ይመታባቸውና እጃቸው ላይ የሚቀረው የቅርቡ ብቻ ይሆናል።

ታዲያ መስከረም ሄደ ማለት ነው? አልሄደም፤ ያዳነሽም ያ የቴሌግራም መልእክት ነው። የይርጋ ቆጠራ ከሚቋረጥባቸው መንገዶች አንዱ አሠሪው የጥያቄሽን ትክክለኛነት በጽሑፍ ማመኑ ነው። «እንዳልገባ አይተናል» ማለት በጽሑፍ ማመን ነው። ጥር ላይ ስለተጻፈ የመስከረሙ 6 ወር ገና አላለቀም ነበር፤ ስለዚህ ተቋርጦ ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል። አሁኑኑ ስሟና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺው፣ ከስልክሽ ውጭም አስቀምጪው። ሰዎች መልእክት ያጠፋሉ፣ ስልክም ይጠፋል። የቴሌግራም ጽሑፍ ችሎት ላይ ሊያከራክር ይችላል፣ «እሷ መወከል አትችልም» ሊሉም ይችላሉ፤ እኔ ብሆን እሱን ብቻ ተማምኜ አልቀመጥም። ለዚህ ነው ከታች ደብዳቤ የማስጽፍሽ። አንድ ነገር እወቂ፤ በዚህ መንገድ ይርጋን ማቋረጥ የሚቻለው ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። በየዓመቱ «እናስተካክላለን» እያስጻፉ መኖር አይቻልም።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። 6,625 የሚለውን ቁጥር ሳይ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ለዓመታት ፔሮል ስለሠራሁ የግብር ሠንጠረዡ በቃሌ ነው። ከ9,000 ብር ላይ የጡረታ 7 በመቶ 630 ብር ነው፤ ይህ ልክ ነው። ግብሩን እንየው። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ብር ያለ ደመወዝ በ25 በመቶ ይባዛና 850 ብር ይቀነሳል። ያንቺ 2,250 ሲቀነስ 850፣ ማለትም 1,400 ብር ነው። ስለዚህ እጅሽ መግባት ያለበት 6,970 ነው። 6,625 የሚወጣው በድሮው ሠንጠረዥ ሲሰላ ነው፤ ያኔ ከ7,800 በላይ 30 በመቶ ተባዝቶ 955 ይቀነስ ነበርና ግብርሽ 1,745 ይሆናል። የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ የሚሠራው ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ነው። የናንተ ሒሳብ ክፍል ኤክሴሉ ላይ ያለውን ፎርሙላ ሳይቀይር ዘጠኝ ወር ሄዷል ማለት ነው። በወር 345 ብር፣ እስከ መጋቢት ድረስ 3,105 ብር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለብሽ። አንደኛው፣ 1,745 ብሩን እንዳለ ለግብር ሰብሳቢው ገቢ አድርገውታል፤ ያኔ ስህተት ነው፣ ለግብር ሰብሳቢው ያስገቡትን መግለጫ አስተካክለው ሊመልሱልሽ ይገባል። ሁለተኛው፣ ገቢ ያደረጉት 1,400 ሲሆን 345ቱ ድርጅቱ ጋ ቀርቷል። እሱን «ስህተት» ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። በዚህ አጋጣሚ ጡረታሽንም አጣሪ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ሁለቱም ገቢ መሆን አለባቸው። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደሽ ጠይቂ። ደመወዝ በተደጋጋሚ የሚሳሳት ቤት ውስጥ ጡረታውም ንጹሕ ሆኖ የተገኘበትን ብዙ አላየሁም።

ወደ ቆጠራው ሌሊት እንምጣ። 46 ብር ከ88 ሳንቲም ከየት መጣ? 9,000ን ለ240 ስታካፍይው 37 ብር ከ50 ይሆናል፤ ያንን በ1.25 ስታባዢው 46.88። ሁለት ስህተት አንድ ላይ። 240 የተገኘው 30 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ ነው፤ የዕረፍት ቀንሽን ጭምር እንደሠራሽ ቆጥረው የሰዓት ዋጋሽን አሳንሰውታል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ይሠራል፤ 48ን በ52 ሳምንት አባዝተሽ ለ12 አካፍይው። በዚህ ሲሰላ የሰዓትሽ ዋጋ 43 ብር ከ27 ነው። 1.25 ደግሞ የቀድሞው አዋጅ 377/96 የቀን ትርፍ ሰዓት ተመን ነበር። አሁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የአንድ ምሽት ቆጠራሽ ስለዚህ እንዲህ ነው፦ ከ3 እስከ 4 ያለው አንድ ሰዓት በ1.5፣ ከ4 እስከ 6 ያለው ሁለት ሰዓት በ1.75፣ ድምሩ የአምስት ሰዓት ዋጋ፣ 216 ብር ከ35። እነሱ የሚከፍሉሽ 140 ብር ከ63 ነው። በምሽት ወደ 76 ብር፣ በወር ወደ 303 ብር ይጎድልብሻል፤ ያውም «በትክክል ተከፈለኝ» በምትይባቸው ወሮች። ይህ ግብር ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ትርፍ ሰዓት ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ግን አይቆረጥበትም።

ሰዓቱን የሚያረጋግጥልሽ ምንድን ነው? አሻራ የምትሰጡ ከሆነ የመውጫ ሰዓትሽ ማሽኑ ውስጥ አለ። ካልሆነ የቆጠራ ወረቀቱ ላይ ቀንና ፊርማ ይኖራል፤ ፎቶ አንሺው። በግሩፕ ላይ «ዛሬ ማታ ቆጠራ አለ» የሚል የአለቃሽ መልእክትም ይሠራል። ደብተር ካልያዝሽ ከዛሬ ጀምሪ፤ ቀን፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ማን እንዳዘዘ። ሌላ የለውም።

3,500 ብሩ ለብቻው ይታያል። አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። «ካዝናሽ ጎደለ» ብሎ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ስትቀጠሪ የፈረምሽውን ውል አውጥተሽ አንብቢ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ «ጉድለት ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል መስመር ተሰክቶ ይገኛል፤ ካለ ክርክሩ ይከብዳል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ያንቺ ሦስተኛ 3,000 ነው። 3,500 በየትኛውም መንገድ ከወሰኑ አልፏል።

በነገራችን ላይ ይህ ወሰን በተቃራኒው ሲሳሳቱም ይጠቅማል። አንዳንዴ ትርፍ ያስገቡልሽና በሚቀጥለው ወር ጠቅልለው ይወስዱታል። ያልሠራሽበት ገንዘብ ያንቺ አይደለም፣ ይመለሳል፤ ግን እንዴት በትንሽ በትንሹ እንደሚመለስ በጽሑፍ ተስማሙ። ዝም ብለሽ ብታጠፊው በኋላ ያንቺን እውነተኛ ጥያቄ ያበላሽብሻል።

ለምን በየወሩ ይሳሳታሉ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ሁሌ ክፋት አይደለም። ፔሮል ወሩ ሳያልቅ ይዘጋል፤ 20 ወይም 25 ላይ። ከዚያ በኋላ የሠራሽው ቆጠራ ወደሚቀጥለው ወር መሻገር ነበረበት፤ የሚያሻግረው ሰው ከረሳ ቀረ። ያንቺ የኅዳር ግማሽ እንዲህ የቀረ ይመስለኛል፤ የገባልሽ ከመዝጊያው በፊት ያለው መሆኑን በቀኖቹ አረጋግጪ። የጳጉሜን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ለብቻው ፔሮል ስለሌለው የጳጉሜን ትርፍ ሰዓት ወይ ነሐሴ ወይ መስከረም ላይ መግባት አለበት፤ ነሐሴ ሲዘጋ ገና አልተሠራም፣ መስከረም ሲከፈት ማንም አያስታውሰውም። ይህን የማነሳው ስለማዝንላቸው አይደለም። «ለምን ትበድሉኛላችሁ» ከማለት ይልቅ «ከኅዳር 20 በኋላ ያሉት ሁለት ምሽቶች ወደ ታኅሣሥ አልተሻገሩም» ብትይ ፋይናንሱ ማምለጫ የለውም። ምክንያቱን እጁ ላይ ስታስቀምጪለት ብዙ ጊዜ ያስተካክላል።

አሁን ደብዳቤውን ጻፊ። ቁጣ የለበትም፣ አንድ ገጽ አይሙላ። እንዲህ በይ፦ «የመስከረም 2018 የ12 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሙሉ በሙሉ፣ የኅዳር 2018 የ6 ሰዓት ትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም። ይህም በጥር ወር በሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ታምኗል። በሌሎቹ ወራት የተከፈለኝ ትርፍ ሰዓት የተሰላው በሥራ ላይ ካለው አዋጅ ባነሰ ተመን ነው። በጥር ወር ከደመወዜ ላይ 3,500 ብር ተቀንሶብኛል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሥራ ግብሬ የተሰላው በቀድሞው ሠንጠረዥ ነው። ሒሳቡ ተያይዟል። የክፍያ መዝገቤን እንድመለከት እንዲፈቀድልኝና በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሒሳቡን በሌላ ወረቀት ወር በወር አስቀምጪ። የጥሩን ተቀናሽ በጽሑፍ ተስማምተሽበት ካልሆነ «ያለስምምነቴ» የሚለውን ጨምሪ። በሁለት ኮፒ አድርጊውና አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ያዢ። አንቀበልም ካሉሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ ደረሰኙ ማስረጃሽ ነው።

ከጓደኞችሽ ጋርም ተነጋገሪ። የግብሩ ፎርሙላ ላንቺ ብቻ ተሳስቶ ለሌላው ልክ ሊሆን አይችልም። ሃያ ካሸር ተመሳሳይ ወረቀት ይዞ ሲገባ ነገሩ መልክ ይቀይራል፤ ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ በእሱ በኩል ይሂድ።

ዝም ካሉሽ ሁለት በር አለ። አንዱ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ድርጅቱ ባለበት ክፍለ ከተማ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ አሠሪውን ጠርተው መዝገብ ያስመጣሉ፣ ያስታርቃሉም። ብዙ የደመወዝ ጉዳይ እዚያ ያልቃል፤ አሠሪው ተቆጣጣሪ መጥቶ የሌላውንም ፋይል እንዲያገላብጥ አይፈልግም። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ በቃል ብቻ ነግረሽ ብትመጪ ይርጋውን አያቋርጥልሽም። ሌላው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ጠበቃም ግዴታ አይደለም፤ ሒሳብሽ እንዲህ ከተሰናዳ በራስሽ ልትቆሚ ትችያለሽ። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ በተግባር ቀጠሮ ይራዘማል፣ እሱን አስበሽ ግቢ።

መልቀቁን ግን አትቸኩዪ። አሠሪ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ የስንብት ክፍያና የ30 ቀን ደመወዝ ካሣም ያገኛል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ምክንያትሽን በጽሑፍ መግለጽ አለብሽ፤ መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ይቀራል። ማስረዳት ካቃተሽ ደግሞ ያለማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሰው ትሆኚና እስከ 30 ቀን ደመወዝ አንቺ ልትጠየቂ ትችያለሽ። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ይህንን አልመክርሽም። ሌላ ሥራ ካገኘሽና መሄድ ከፈለግሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ውጪ፤ ያኔ ያለሽ ክፍያ ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባቸው ይችላል።

ያባርሩኛል ያልሽውን አላቃልለውም። ሕጉ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክርክር መሳተፍ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ይላል። ግን «በቅሬታሽ ምክንያት» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም፤ «አረፈድሽ»፣ «ካዝናሽ ጎደለ» ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ካስገባሽ በኋላ አታርፍጂ። ፈረቃ ስትረካከቢም ካዝናሽን በሰው ፊት ቆጥረሽ አስፈርሚ፤ ጉድለት የሚባለውን ነገር አንዴ ቀምሰሽዋልና። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከሰጡሽ «ደርሶኛል፣ አልስማማም» ብለሽ ፈርሚ። ደብዳቤው ማኅተም ያለበት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ ከቅሬታሽ ሁለት ሳምንት በኋላ የመጣ ስንብት ለዳኛ የሚናገረው ነገር አለ። ከተባረርሽ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በ3 ወር፣ የክፍያው በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ይህን ለምታነቡ ሌሎችም፦ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም እዚህ አዋጅ ውስጥ አልገባችሁም፤ ከላይ ያሉትን ቀናትና ተመኖች እንዳለ ለራሳችሁ አትውሰዱ።

እህቴ፣ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት አስገቢ። 10 ቀን ጠብቂ። መልሱ እንደገና «በሚቀጥለው ወር» ከሆነ የትኛውን ገንዘብ፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን ብለው እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ ከጻፉ ይርጋው ይቋረጥልሻል፣ ካልጻፉ ወደ ክፍለ ከተማ ሂጂ። የቴሌግራሙ መልእክት ተቀባይነት ካጣ የኅዳሩ ግንቦት 30 ላይ ስለሚዘጋ ከግንቦት 20 አታሳልፊው።